አለቃ የዋጠው ሊጥ

ደግሞ ሊጥ እኮ ነው፣ ሊጥ ከመቼ ወዲህ ነው መርዝ የሆነው፣ የአይጥ መርዝ ቢሆን እሺ፣ በረኪና ቢሆን፣ የአባዬ የግፊት ክኒን ቢሆን፣ ዱቄት ነው፣ ውሃ ነው፣ ጨው ነው፣ እርሾ፣ እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ከቡሃቃው እየቆነጠርኩ ስንቱን ጎርሻለሁ፣ ሆዴ ተነፍቶ አባዬ በጥፊ አለኝ እንጂ አልሞትኩም፣ ቀይ መብራት፣ ኧረ አሁን ነው የምትበሪው አንቺ፣ ሰዓቱን እይ፣ ለሦስት ሩብ ጉዳይ፣ የበላው ሁለት ሰዓት ላይ ነው፣ አርባ አምስት ደቂቃ። አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ እዚያ ውስጥ እየሞቀ።

ቀስ በል፣ ይለኛል አባዬ ከኋላ፣ ቀስ በል እንጂ አንተ ልጅ፣ ይንገጫገጫል። እሺ አባዬ። የተቀመጠው ዳቦ በምንጭንበት መኪና ወለል ላይ ነው፣ በባዶ ሳጥኖች መሀል፣ የአለቃን ጭንቅላት ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በመስታወቱ አየዋለሁ፣ እሱ አያየኝም፣ ማንንም ካየ ሰባት ዓመቱ፣ ቀስ በል የሚለው ቃል ግን ከዓይኑ ጋር አልጠፋም፣ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት ነኝ፣ ፀጉሬ ያለ ዱቄትም መንጣት ጀምሯል፣ ለእሱ አሁንም አንተ ልጅ ነኝ፣ በራ፣ ሂድ፣ ሂድ።

አለቃ ውሻችን ነው፣ ስሙን ያወጣው አባዬ ራሱ ነው፣ ዓይኑ የጠፋ ጊዜ አንድ ዓመት አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከረመ፣ ነጭ ዱላ ገዛንለት፣ በር ጥግ አቆመና ኮፍያ ሰቀለበት፣ የአንዳችንን ክንድ ያዝ አልነው፣ እኔ እንደ በግ አልጎተትም አለ፣ ከዚያ ይሄ ቡናማ ውሻ መጣ፣ ከቤት እስከ ዳቦ ቤቱ ያለውን መንገድ በሳምንት ለመደ፣ ጉድጓድ ካለ ይቆማል፣ መኪና ከመጣ ይቆማል፣ አባዬም ዕድሜዬን ሙሉ አለቃ ሳይኖረኝ ሠርቼ በስተርጅና በገመድ የሚጎትተኝ አለቃ መጣብኝ ብሎ ሳቀ፣ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፣ ያን ሳቅ የሰማሁ ቀን ዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ማንም አላየኝም። አለቃ ከሞተ አባዬ ከቤት አይወጣም። ይኸው ነው፣ ሌላ የሚባል ነገር የለውም።

ደግሞ ሳቅን እኮ፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ፣ ከጓሮ በር ስመለስ አለቃ አፍንጫው ነጭ ሆኖ አፉን እየላሰ ቆሟል፣ ሳፋው ውስጥ ካለው ሊጥ የሁለት ትልልቅ ዳቦ ያህል የለም፣ እህቴ ከባንኮኒው ዞር ብላ አየችውና ዛሬ ቁርሱን ሳይጋገርለት በላ አለች፣ አባዬ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ቆይቶ አለቃ ሊነሳ ሲል የኋላ እግሮቹ ከፊተኞቹ ጋር የተኳረፉ ይመስል ወደ ጎን ሄደ፣ ይሄ ውሻ ሰክሯል እንዴ አለ አንድ ዳቦ ገዢ፣ ያኔም ሳቅን፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አባዬ ዳሰሰውና በርዶታል አለ፣ እኔ ጅሉ፣ ሠላሳ ዓመት ሊጥ የነካሁት ሰውዬ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ምድጃው ሥር አስተኛሁት፣ ሊጥ የሞላውን ሆድ ሸፈንኩና ሙቀት አጠገብ አኖርኩት፣ ቡሃቃ ሸፍነን ኩፍ እስኪል እንደምናኖረው፣ ውሻ ያለው ሰው ሁሉ ብዙ ስህተት ይሠራል፣ ይህችን ስህተት ግን ከዳቦ ጋጋሪ በቀር ማንም አይሠራትም። አሁን ሳስበው ጆሮዬ ጭው ይላል።

እህቴ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር፣ እኔ ወተት ወተት እያልኩ ስሯሯጥ፣ መቼም የሆነ ነገር የበላ ፍጡር ካየን ወተት ነው የምንጋተው፣ እሷ ስልኳን አንስታ ባለፈው አለቃን የከተበችው ሐኪም ጋ ደወለች፣ ድምፁ ለሁላችን እንዲሰማ አደረገች፣ የዳቦ ወረቀት ገልብጣ እርሳሷን ይዛ ጠበቀች፣ ከስልኩ የወጣው ድምፅ አልተጣደፈም፣ አልጮኸም፣ አምስት ነገር ንገሩኝ አለች፣ ምን በላ፣ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት፣ ክብደቱ ስንት ነው፣ አሁን እንዴት ሆኗል፣ እህቴ አንድ በአንድ መለሰች፣ ሊጥ ስትላት እኔ የምትስቅ መስሎኝ ነበር፣ አልሳቀችም፣ ጥሬ ሊጥ በእርሾ፣ አለች፣ አሁኑኑ አምጡት፣ ወተት እንዳትሰጡት፣ የጨው ውሃም እንዳትሰጡት፣ ጉሮሮው ውስጥ ጣት ከቶ ማስመለስ የሚባል ነገር የለም፣ የሚንገዳገድ ውሻ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ይገባበታል፣ ከተረፈው ሊጥ ትንሽ ይዛችሁልኝ ኑ። ወተቱ እጄ ላይ ነበር። ቀስ ብዬ ከኋላዬ አስቀመጥኩት።

ይኸው የተረፈው ሊጥ ከፊቴ ነው፣ እህቴ በፌስታል ቋጥራ መሪው አጠገብ አስቀመጠችልኝ፣ ሲነሳ ሎሚ ያህል ነበር፣ አሁን ብርቱካን አክሏል፣ ፀሐይዋ በመስታወት በኩል እየመታችው፣ ፌስታሉ ተወጥሯል፣ አታየውም አባዬ፣ እንኳን አታየውም። ምን አልኩ አሁን፣ እንኳን አታየውም አልኩ፣ አፈር ልብላ።

የአባዬ ሊጥ እኮ እንዲህ አያድግም፣ አንድ ኩባያ እርሾ ለአንድ ጆንያ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ አራት ሰዓት ጥበቃ፣ ዳቦ የሚጣፍጠው ሲጠበቅ ነው ይላል፣ የቸኮለ ሊጥ ነፋስ ነው ይላል፣ ለዚህ ነው በጊዜው ሰው ሦስት ሰፈር ተሻግሮ እሱ ጋ ይገዛ የነበረው፣ እኔ ግን ሦስት ኩባያ ነው የምጨምረው፣ ውሃውንም ሞቅ አደርገዋለሁ፣ በአርባ ደቂቃ እጥፍ ይሆናል፣ ዓመት አለፈኝ፣ እሱም ዳቦውን በየጠዋቱ ሲቆርስ ይሄ ዱቄት ምን ነካው ይላል፣ የዘንድሮ ስንዴ ነው ወይ ይላል፣ እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ አዎ አባዬ፣ ዱቄቱ ነው፣ እላለሁ። በየጠዋቱ። ሳፋውንም ወለል ላይ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው፣ ከቡሃቃው ሞልቶ መፍሰስ ስለጀመረ፣ ስለቸኮልኩ፣ ስለሮጥኩ፣ አባዬ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ገመዱን የፈታሁት እኔ ነኝ እያለ ከኋላ ለውሻው ይቅርታ ይለምናል፣ ይሰማኛል፣ ጌታዬ ይቅር በለኝ ይለዋል፣ ውሻውን። ልቤ ስንጥቅ ይላል።

ደረስን፣ ሰማያዊው በር፣ ና ወዲህ አለቃ፣ ሃያ ስምንት ኪሎ ነው ተሸክሜው ስወርድ፣ ሆዱ ክንዴ ላይ ጠንክሯል፣ አባዬ ትከሻዬን ይዞ ይከተላል፣ ፌስታሉን፣ አዎ ፌስታሉን፣ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ መቼ እንደከተትኩት አላውቅም፣ እጄ በራሱ ነው የከተተው።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በግድ ነው የሚቆምበት፣ አንድ የብረት ጠረጴዛ፣ ወለል ላይ ሚዛን፣ ግድግዳው ላይ የውሻ የሆድ ዕቃ የተሣለበት ወረቀት፣ መደርደሪያው ላይ በሳጥን ውስጥ ያለች ድመት እንደ ጎረቤት በመስኮት ታየናለች፣ ሐኪሟ ደግሞ፣ ይህቺ ናት እንዴ፣ በስልክ ያን ሁሉ ያዘዘችን ይህቺ ናት፣ ከዱቄት ጆንያ እምብዛም አትበልጥም፣ ፀጉሯን በእስክሪብቶ አስራዋለች፣ ወደ ጠረጴዛው አንሱት አላለችም፣ እሷ ናት የወረደችው፣ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ሰላም ነው አለቃ፣ ምን ሆንክ የኔ ጌታ አለችው መጀመሪያ፣ ከእኛ በፊት እሱን፣ ከዚያ አባባ እዚህ ወንበር አለ፣ በስተቀኝዎ፣ ሁለት እርምጃ፣ አለች፣ ዓይኑ እንደማያይ ማን ነገራት፣ ማንም አልነገራትም፣ አይታ ነው፣ ክንዱንም አልጎተተችውም፣ ነገረችው ብቻ። ከዚህች ሴት ጋር እኔ መጨቃጨቅ አልፈልግም።

ከንፈሩን ገልጣ ድዱን በአውራ ጣቷ ትጫናለች፣ ትቆጥራለች፣ ትለቃለች፣ ታዳምጣለች፣ ከዚያ ሆዱን በጣቷ መታ መታ ታደርጋለች፣ ጆሮዋን አዘንብላ፣ ይህን አውቀዋለሁ፣ ዳቦ መብሰል አለመብሰሉን ለማወቅ ገልብጠን ከሥሩ አንኳኩተን የምናዳምጠው ነው፣ እጇ ሥራውን ያውቀዋል፣ እጁ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል፣ በዚህ ሰዓት እንኳ ደስ ይለኛል፣ ልቤ እንዲህ እየመታ። እርሾው ሆዱ ውስጥ ሥራውን ቀጥሏል ትለናለች፣ ሁለት ነገር ያደርጋል፣ አንደኛ ሊጡን ያሳብጣል፣ ጨጓራውን ይወጥራል፣ ሁለተኛ አልኮል ያወጣል፣ መንገዳገዱ ለዚያ ነው፣ እውነትም ሰክሯል። ዳቦ ገዢው ልክ ነበር ማለት ነው።

ሊጡ ውስጥ ዘቢብ አለበት፣ የለበትም፣ ቸኮሌት፣ የለም፣ ከተቦካ ስንት ሰዓት ሆነው፣ እርሾው ምን ያህል ነው፣ ብላ ቀና ትላለች፣ አባዬ ወንበሩ ላይ ጀርባውን ያቀናል፣ ኧረ ስለሱ አታስቢ ልጄ ይላታል፣ እኛ ቤት ሊጥ አይቸኩልም፣ አንድ ኩባያ ለአንድ ጆንያ ነው፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ አራት ሰዓት ይፈጃል ለመነሳት፣ አርባ ዓመት እንዲህ ነው የሠራነው፣ ልጄን ጠይቂው፣ ይላል፣ በኩራት ነው የሚለው፣ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሀል ድምፁ ውስጥ ኩራት አለ፣ ፌስታሉ ኪሴ ውስጥ ታፋዬን ይነካኛል፣ ሞቋል፣ አድጓል።

እሷም ታስባለች፣ ረጋ ብላ ነው የምታስበው፣ ታየኛለች፣ እንግዲህ ትላለች፣ ቀርፋፋ ሊጥ ከሆነ ጊዜ አለን፣ ውሻው ዕድሜው ገፍቷል፣ ልቡ ላይ ትንሽ የማይጥመኝ ድምፅ አለ፣ ሆዱን ለማጠብ ማደንዘዝ አለብኝ፣ ማደንዘዙን ብችል ባስቀረው ደስ ይለኛል፣ ግሉኮስ ልሰካለትና አንድ ሰዓት እንየው። አንድ ሰዓት እንየው አለች። አንድ ሰዓት። አባዬ እግዜር ይስጥሽ ይላል፣ እኔ ቆሜያለሁ፣ በል ተናገር፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የእኔ ሊጥ ምን እንደሚሆን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ ቡሃቃውን ጥሎ ወለል ላይ ይወርዳል፣ የውሻ ጨጓራ ወዴት ይወርዳል፣ ብቻዋን ባገኛት፣ ወደ ጓዳ ጠርቼ በጆሮዋ ብነግራት፣ አባዬ ሳይሰማ፣ አባዬ ግን የድመቷን ትንፋሽ እንኳ ይሰማል፣ ዓመት ሙሉ ዱቄቱ ነው ስለው የኖርኩትን ሰው፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ፣ እሷ ላስቲኩን እየፈታች ነው፣ ግሉኮሱን እየሰቀለች ነው፣ አለቃ ሊያስመልስ ይታገላል፣ ምንም አይወጣም፣ እንደገና ይታገላል፣ ምንም፣ ዓይኑን ወደ አባዬ አዞረ፣ ያ ምስኪን፣ አሁንም እየጠበቀው ነው።

ፌስታሉን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ።

ብርቱካን አይደለም አሁን፣ የሁለት ቡጢ ያህል ነው፣ ቋጠሮው ሊበጠስ ደርሷል፣ ሐኪሟ ታየዋለች፣ ታየኛለች፣ ሦስት ኩባያ ነው እላለሁ፣ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል፣ በሞቀ ውሃ ነው፣ በአርባ ደቂቃ እጥፍ ይሆናል፣ ይሄ ሲቋጠር ሎሚ ነበር የሚያክለው። ወደ አባዬ ማየት አልቻልኩም፣ የሐኪሟን ጫማ ነው የማየው፣ ሰማያዊ ፕላስቲክ ጫማ፣ ጫፉ ላይ ቀዳዳ ያለው፣ አሁን ይናገራል፣ አሁን አርባ ዓመቱን ፊቴ ላይ ይወረውረዋል፣ ይገባኛል፣ ይወርውረው።

እንግዲያው ጊዜ የለንም፣ ይላል አባዬ። ተነስቷል። እጅጌውን እየሰበሰበ ነው። እጠቢው ልጄ፣ ምን እንያዝልሽ።

እኚህን ሰውዬ፣ እኚህን ሽማግሌ፣ እንዴት ብዬ ነው፣ ተወው፣ በኋላ አስባለሁ፣ ሐኪሟ ለእኔም አንድም ቃል አልተናገረችኝም፣ ቀድመህ ብትል ኖሮ አላለችም፣ ራሷንም አልነቀነቀችም፣ ግሉኮሱን ሰካችና አሁን ጠረጴዛው ላይ አንሱት፣ ማቀዝቀዣውን ክፈቱልኝ ውሃው እዚያ ነው ብቻ አለች፣ ወቀሳ ለመናገር የሚፈጀውን ትንፋሽ እንኳ ለውሻው ነው ያስቀመጠችው፣ የማደንዘዣውን መርፌ በተሰካው መስመር ቀስ እያለች ትሰጣለች፣ ቀስ ማለትና መዘግየት አንድ እንዳልሆኑ አሁን ነው በዓይኔ ያየሁት፣ ጣቷ አይቸኩልም፣ ሥራው ግን ይሮጣል፣ አለቃ ይለሰልሳል፣ ምላሱ ይወጣል፣ አንድ ቀጭን ቱቦ ወደ አየር መንገዱ፣ ውሃ ወደ ሳንባው እንዳይሄድ ነው ትላለች፣ ከዚያ ወፍራሙን ቱቦ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ መጨረሻዋ የጎን አጥንት ለክታ ልኩ ላይ ፕላስተር ትለጥፋለች፣ ከዚህ አያልፍም ማለት ነው፣ ወይ ጥንቃቄ፣ ቱቦው ገባ፣ ገባ፣ ፕላስተሩ ላይ ቆመ። አየር ፉስ ብሎ ወጣ፣ ክፍሉ በሙሉ ዳቦ ቤታችንን ሸተተ፣ የኮመጠጠ፣ አልኮል አልኮል የሚል።

ባልዲውን ይያዙልኝ ወንድሜ፣ ዝቅ፣ ገና ዝቅ፣ እሺ፣ ቀዝቃዛ ውሃ በማስገቢያው ታፈሳለች፣ ለምን ቀዝቃዛ እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም፣ እርሾ በብርድ ይተኛል፣ ይህን ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ ነው የተማርኩት፣ ያስተማረኝ ሰውዬ ጎኔ ቆሟል፣ ውሃው ገባ፣ ቱቦውን ዝቅ አደረገችው፣ የሚወጣው ግን ውሃ ብቻ ነው፣ ነጭ ውሃ፣ ሊጡ አልመጣም፣ አንድ ላይ ተጣብቋል ትላለች፣ ከውጭ በእጅ ማላላት አለብኝ፣ ግን ቱቦውን ልልቀቅ ወይስ፣ ታመነታለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዞር ብላ ሰው ትፈልጋለች፣ ረዳቷ ዛሬ የለችም፣ ከዚያ አባባ ትላለች፣ እጅዎን ይስጡኝ፣ የአባዬን እጅ ይዛ የአለቃ ሆድ ላይ ታሳርፋለች፣ እዚህ ነው፣ አይጫኑት፣ በመዳፍዎ ቀስ ብለው፣ ውስጡ ሲላላ ይንገሩኝ።

አርባ ዓመት ያቦካ እጅ ነው። ሰባት ዓመት ሥራ የፈታ እጅ። ያን እጅ አይቼው አላውቅም ማለት ነው፣ በቀን ሺህ ጊዜ እያየሁት አይቼው አላውቅም፣ ጣቶቹ አይንቀሳቀሱም፣ መዳፉ ነው የሚሠራው፣ ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ጭንቅላቱን ወደ ጣሪያ ቀና አድርጎ፣ እዚህ ጋ ትልቅ ጓል አለ ይላል፣ አሁን ተከፈለ፣ ጨምሪ ውሃ፣ ትጨምራለች፣ አሁን ላላ፣ ዝቅ አድርጊው፣ ታደርጋለች፣ ባልዲዬ ውስጥ ጧ ብሎ አንድ ነጭ ነገር ይወርዳል፣ ሌላ፣ ሌላ፣ ሁለቱ ከተዋወቁ ግማሽ ሰዓት አልሞላቸውም፣ ሃያ ዓመት አብረው የሠሩ ይመስላሉ፣ እኔ ባልዲ ያዥ ነኝ፣ ባልዲ ያዥ በመሆኔ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም፣ አራት ባልዲ፣ አምስት፣ ክንዴ ዝሏል፣ ሆዱ ይጎድላል፣ ተወጥሮ የነበረው ቆዳ ይረግባል።

ቆዩ፣ ትላለች። እጇ ደረቱ ላይ ነው። ልቡ ዘገየብኝ፣ ትንፋሹን ይቁጠሩልኝ፣ ጮክ ብለው፣ አንድ እላለሁ፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት የለም፣ ሦስት አይመጣም፣ ሐኪሟ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ እየሰበረች ነው፣ እኔ ባልዲውን ወለል ላይ አስቀምጣለሁ፣ አባዬ እጁን አላነሳም፣ አለቃ ይለዋል፣ አንተ፣ ወዴት ነው፣ እኔን እዚህ ትተኸኝ፣ ጠዋት ከቤት ሲወጡ በሚጠራበት ድምፅ ነው፣ በዚያው በነጭናጫው ድምፅ፣ ሐኪሟ መድኃኒቱን ገፋች፣ ጠበቀች፣ በከንፈሯ ትቆጥራለች፣ ሦስት። ሦስት መጣ። አራት። ጮክ ብዬ ነው የምቆጥረው፣ መንገድ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ ይብቃዎት ወንድሜ ትለኛለች፣ ማቆም አልቻልኩም፣ አሥራ አራት፣ ይብቃዎት፣ ተመልሷል። በክንዷ ግንባሯን ትጠርጋለች፣ ያኔ ነው ምን ያህል ልጅ እንደሆነች ያየሁት፣ እግሮቿ ያንን ሁሉ ጊዜ ቆመው ደንዝዘዋል መሰለኝ ግድግዳውን ተደግፋለች፣ እጅሽ ይባረክ ይላታል አባዬ፣ እኔ ልላት የነበረውን ነው ያለው፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ብቻ እጄን ደረቴ ላይ አደርጋለሁ፣ ገብቷታል፣ የእርስዎም እጅ ይባረክ አባባ ትለዋለች፣ እንደ እርስዎ ዓይነት ረዳት ኖሮኝ አያውቅም። አባዬ ፊቱ እንደ ሙሽራ ቀላ።

ገና አልጨረስንም ትላለች፣ የወጣው ይበዛል እንጂ ሁሉም አልወጣም፣ ስካሩም እስኪለቀው ግሉኮሱ ይቀጥላል፣ ሙቀቱን እየለካሁ እስከ ማታ ከእኔ ጋር ይቆያል፣ እንደሚተርፍ ግን አምናለሁ። አምናለሁ ነው ያለችው፣ እርግጠኛ ነኝ አላለችም፣ ለዚህም አከበርኳት። ድመቷን ልታይ ሄደች፣ እኛ ወለሉ ላይ ተቀመጥን፣ አለቃን አውርደን መሀላችን አስተኛነው፣ በፎጣ ላይ፣ ሆዱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ዳቦ ቤት ውስጥ ያለው ሊጥ አሁን ወለሉን ሸፍኖት ይሆናል፣ እህቴ ደውላለች፣ ዳቦ ቤቱን ዘግቼዋለሁ፣ ዛሬ ዳቦ የለም ብያቸዋለሁ ወንድም ጋሼ፣ እሱ እንዴት ሆነ ነው ያለችው፣ ተንፍሷል አልኳት፣ አለቀሰች።

አባዬ እጁን ወደ ባልዲው ይዘረጋል፣ እየዳበሰ፣ ምን ሊያደርግ ነው፣ ከውሃው ውስጥ አንድ ጓል አውጥቶ በሁለት ጣቱ ያሻሸዋል፣ ይስበዋል፣ ይበጥሰዋል፣ ፍርዱን እጠብቃለሁ። ነፋስ ነው፣ ይላል። አዎ አባዬ። ዱቄቱ ጥሩ ዱቄት ነው፣ ይላል፣ አዎ፣ ጥሩ ነው። ዓመት ሙሉ እኮ ያንን የዱቄት ነጋዴ በስልክ ስሰድበው ነው የኖርኩት፣ ይላል፣ ሌባ ብየዋለሁ፣ ሰውየው አስተዛዝኖኛል፣ ዓይንህ ቢጠፋ ነው የተነጫነጭከው ብሎኛል፣ ነገ ትሄድና ይቅርታ ትጠይቅልኛለህ። እሺ እላለሁ። በእግርህ። በእግሬ፣ አባዬ። ልስቅ ነው ላለቅስ ነው፣ አላውቅም፣ ከንፈሬን ነክሻለሁ።

ጓሉን ወደ ባልዲው ይመልሰዋል፣ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፣ ዝም ይላል፣ አባዬ ሲናደድ ነው የሚናገረው፣ ዝም ሲል ምን እንደሆነ ተምሬው አላውቅም፣ የግሉኮሱን ጠብታ እቆጥራለሁ፣ አሁን ይመጣል፣ ለምን ዋሸኸኝ የሚለው አሁን ይመጣል፣ ያለኝ መልስ የሰነፍ መልስ ነው፣ እሱ እኔን በሚያክልበት ጊዜ እንዲህ አላለም፣ አንድም ቀን ሲል አልሰማሁትም።

ሊጡ አራት ሰዓት እንዲቆይ በስንት ሰዓት ነበር የምትነሳው፣ ይለኛል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ እላለሁ። ብቻህን። ብቻዬን። እኔ ስሠራ ሁለት ነበርን እኮ፣ ይላል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚለው፣ ለራሱ ነው የሚመስለው፣ አንተ ነበርክ፣ አንተ ውሃ ትቀዳለህ፣ ታነሳለህ፣ እኔ አቦካለሁ፣ ዓይኔ ሲሄድ አንዱ ሰው ሄደ፣ እኔ ስለ ዓይኔ ብቻ ነው ሳስብ የኖርኩት። እጁ አለቃን ይተውና እኔን ይፈልጋል፣ ጉልበቴን ያገኛል፣ ከጉልበቴ ክንዴን፣ ክንዴ ባልዲ ይዞ የዛለው አሁንም ይንቀጠቀጣል፣ ከላይ እስከ ታች በመዳፉ ይሄድበታል፣ እንዲያ ውሻው ሆድ ላይ እንደሄደው፣ ጣቱን ሳያንቀሳቅስ፣ ደክሞህ ነው ወይ፣ ይለኛል። አይ አባዬ፣ ልል ነው፣ አፌ ላይ የተዘጋጀ ነው፣ በየጠዋቱ የምለው ነው፣ አይ አባዬ ምን ይደክመኛል፣ እጁ ግን ክንዴ ላይ ነው፣ ይሰማዋል፣ ይሄን እጅ ምን ብዬ እዋሸዋለሁ፣ ደክሞኛል፣ እላለሁ፣ አባዬ፣ በጣም ደክሞኛል።